አንድ ቃል፣ ብዙ ትርጉም፦ አልበር ዣካርን ዛሬ ማንበብ

በ1975 አልበር ዣካር የተባለ ፈረንሳዊ የጄኔቲክስ ተመራማሪ አንድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ አሳተመ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የዘመዳሞች መዋለድ፦ አንድ ቃል፣ በርካታ ትርጉሞች» የሚል ነው። በ1983 ደግሞ ሌላ አስከተለ፤ «ተወራሽነት፦ አንድ ቃል፣ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች»። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በቀመር የታጨቁ፣ ለባለሙያ የተጻፉ ናቸው፤ ቡና እየጠጡ የሚነበቡ አይደሉም። ግን ርዕሶቹን ጎን ለጎን ሳያቸው የሰውዬው ሙሉ የሥራ ዘመን እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዣካር ከሁሉ በፊት ቃል የሚጠረጥር ሰው ነበር። ሁሉም ሰው በልበ ሙሉነት የሚጠቀምበትን አንድ ቃል ያነሳና «ቆይ፣ ይሄ ቃል ስንት ነገር ነው የተሸከመው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ሸክሙን አራግፎ አንድ በአንድ ይደረድረዋል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። «ዘር» የምንለውን እዩ። ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዘር ነው። «የእገሌ ዘር» ስንል ትውልድ ማለታችን ነው። «ዘርህ ምንድን ነው?» ሲባል የተጠየቀው ብሔር ነው። «የዘር መድልዎ» ስንል ደግሞ ፈረንጅ ሬስ የሚለው ነው። ጂንን በአማርኛ እንጥራው ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ «ዘረመል» ብለው እዚያው ጎተራ ውስጥ ጨመሩት። ኮሜንት ሥር ሰው ሲሰዳደብ ልብ ብላችሁ ተከታተሉ፤ አንዱ ስለ ትውልድ ይጀምራል፣ ሌላው ስለ ብሔር ይመልሳል፣ ሦስተኛው ስለ ደም ያወራል። ሦስቱም አንድ ቃል ስለሚጠቀሙ ስለ አንድ ነገር የሚከራከሩ ይመስላቸዋል።

ዣካርን በአማርኛ ለማንበብ የሞከረ ሰው ስለዚህ ገና ከበሩ ይደናቀፋል። የመናቅና የማዋረድ ታሪክ የተሸከመውን የፈረንጆቹን ቃል «ሬስ»፣ በሴላችን ውስጥ ያለውን ደግሞ «ጂን» እያልኩ እቀጥላለሁ። «ዘር»ን ለገበሬው እተውለታለሁ።

ክርክሬ ይህ ነው። ዣካር ትልቅ የሚሆነው ቃል ሲፈታ ነው። የሚያንሰው ደግሞ የፈታውን ቃል ለመልካም ዓላማ ሲል መልሶ ሲቋጥረው ነው። ሁለቱንም አድርጓል። ፈረንሳይ በብዛት ያጨበጨበችለት ለሁለተኛው ነው፤ እኔ ግን ለእኛ የሚጠቅመን የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ዘግይቶ የጀመረ ሰው

በ1925 ሊዮን ከተማ ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ ቤተሰቡ የተሳፈረበት መኪና ተጋጨ። ታናሽ ወንድሙና የአባቱ ወላጆች ሞቱ። እሱ ተረፈ፤ ፊቱ ላይ ግን ዕድሜውን ሙሉ የማይለቅ ጠባሳ ቀረ።

ስለ እሱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር እዚህ ይጀምርና እዚሁ ያልቃል። ፊቱ የተለየ ልጅ አደገ፣ ከዚያ ልዩነትን የሚያወድስ መጽሐፍ ጻፈ፣ አለቀ። ታሪኩ ያምራል። እኔን የሚያሳስበኝም ማማሩ ነው። በአደጋውና በመጽሐፉ መካከል ከአርባ ዓመት በላይ አለ፤ እነዚያን ዓመታት ዘለን ጠባሳውን ከመጽሐፉ ጋር በቀጥታ ካገናኘን፣ ሰውዬው ያሰበውን ሁሉ ፊቱ አሰበለት ማለታችን ነው። በተፈጥሮ ወይም በአደጋ የተሰጠን ነገር ማንነታችንን አይወስንም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ለተከራከረ ሰው ይህ ትንሽ ስድብ አይሆንም?

በመካከል ያለው ይልቅ አሰልቺ ነው፤ ደግሞም የሚያስተምር ነው። በ1945 ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። የፈረንሳይ ምርጥ መሐንዲሶችና የመንግሥት ባለሥልጣናት የሚወጡበት፣ በአገሪቱ እጅግ ከባድ ከሚባሉት የመግቢያ ፈተናዎች አንዱን የሚጠይቅ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በ1951 የመንግሥት የትምባሆና የክብሪት ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ተቀጠረ፤ አሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆየ። ቀጥሎ ወደ ብሔራዊው የሥነ ሕዝብ ጥናት ተቋም ወደ ኢኔድ ተዛወረ። በ1966፣ አርባ ዓመት ሞልቶት፣ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የሕዝብ ጄኔቲክስን «ሀ» ብሎ ጀመረ። ተመልሶ በ1968 የኢኔድ የጄኔቲክስ ክፍል ኃላፊ ሆነ። በ1970 የሕዝቦችን የጄኔቲክ አወቃቀር የሚመለከት ወፍራም መጽሐፍ አወጣ፤ በ1974 በእንግሊዝኛ ታተመ። የተረጎሙት ብራያንና ዴቦራ ቻርልስዎርዝ ናቸው፤ ሁለቱም በኋላ በዝግመተ ለውጥ ጄኔቲክስ ራሳቸው ስመ ጥር የሆኑ ባልና ሚስት።

በአርባ ዓመት ሙያ መቀየር ዛሬ ፖድካስት የሚሠራበት ርዕስ ነው። ከዣካር ታሪክ የሚወሰደው ግን መነቃቂያ አይደለም። እሱ ወደ ባዮሎጂ የገባው ከሒሳብና ከድርጅት ሥራ ነው። ስለዚህ ጂንን ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው የቁጥር ጥያቄ ነው፤ ምን እየቆጠርን ነው? ከምን ጋር እያወዳደርን ነው?

ዘጠኙ ቁጥሮች

ብዙ አድናቂዎቹ የማያውቁት፣ ባለሙያዎች ግን ዛሬም የሚጠቀሙበት አንድ ሥራ አለው። ሁለት ሰዎችን ውሰዱ። ለአንድ ጂን እያንዳንዳቸው ሁለት ቅጂ አላቸው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። በድምሩ አራት ቅጂ። ከአራቱ የትኞቹ ናቸው ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት ተቀድተው የወረዱት? ሊኖሩ የሚችሉት ሁኔታዎች ሲቆጠሩ 15 ናቸው። ከእናት ይምጣ ከአባት ሳንለይ ካየናቸው ወደ 9 ይወርዳሉ። በሁለት ሰዎች መካከል ያለው የሥጋ ዝምድና በእነዚህ ዘጠኝ ሁኔታዎች ዕድል ሙሉ በሙሉ ይገለጻል። ቁጥሮቹ እስካሁን «የዣካር ኮፊሸንቶች» ይባላሉ።

መሠረቱን የጣለው ሌላ ፈረንሳዊ ነው፤ ጉስታቭ ማሌኮ፣ በ1948 የውርስን ሒሳብ በትንሽ መጽሐፍ የጻፈው። ማሌኮ ዝምድናን በአንድ ቁጥር ለካ። ዣካር አንዱ ቁጥር የሚሸፍነውን ከፍቶ ዘጠኝ አደረገው። ያው ልማዱ ነው፤ አንድ የሚመስለውን መዘርዘር።

እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አይጋባም በሚባልበት አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ሒሳብ በልማድ ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ሲቆጥሩ የሚፈልጉት የጋራ ቅድመ አያት ነው። አሁን ቁጥሩን ተከተሉ። ወላጆች 2፣ አያቶች 4፣ ቅድመ አያቶች 8። ሰባተኛው ትውልድ ላይ 128 ቦታ አለ። አሥረኛው ላይ 1,024። ሃያኛው ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ። ሠላሳኛው ላይ፣ ማለትም በግምት ከሰባት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ። በዚያ ዘመን ግን በዓለም ላይ ይህን ያህል ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰው በዘር ሐረጋችሁ ውስጥ ብዙ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ይገኛል። ወደ ኋላ በበቂ ርቀት ከተሄደ ሁላችንም የዘመዳሞች ልጆች ነን።

ታዲያ «የዘመዳሞች መዋለድ» ማለት ምን ማለት ነው? የ1975ቱ ጽሑፍ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። ከጥቂት ቤተሰቦች የተነሳ፣ ከውጭ ጋር የማይጋባ አንድ ማኅበረሰብ እናስብ። በዚያ ያሉ ሰዎች የቅርብ ዘመድ ላለማግባት በጣም ይጠነቀቃሉ። ዘመድ ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም? «ባልና ሚስት የጋራ ቅድመ አያት አላቸው?» ከሆነ ጥያቄው፣ መልሱ አዎ ነው፤ ሁሉም አላቸው። «በዕጣ ቢጋቡ ከሚሆነው የበለጠ ዘመድ እየመረጡ ነው?» ከሆነ ግን መልሱ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። «ማኅበረሰቡ ትንሽ በመሆኑ ብቻ በየትውልዱ የጂን ብዝኃነቱ እየቀነሰ ነው?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ እሱ ደግሞ ሌላ መልስ አለው። አንድ ቃል፣ ሦስት ጥያቄ፣ የሚጣረሱ መልሶች። ሦስቱም ትክክል ናቸው።

ይህ ምናባዊ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ዣካር በማሊ የሚኖሩ ኬል ኩመር የሚባሉ ቱዋሬጎችን የዘር ሐረግ አጥንቷል። አንትሮፖሎጂስቱ አንድሬ ሻቫንትሬ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄድ የትውልድ መዝገብ ከእነሱ ሰብስቦ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ተመራማሪ እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ሲያይ «እርስ በርስ ይጋባሉ» ብሎ መደምደም ይቀለዋል። የዣካር ሥራ ያንን ፍርድ ያዘገየዋል። መጀመሪያ ምን እንደጠየቅክ ንገረኝ ይለዋል።

የቤቱ መሠረት

እዚህ ድረስ የምናየው ጥሩ ባለሙያ ነው። ወደ አደባባይ ያወጣው ምንድን ነው? መልሱን ከሥራ ቦታው ልጀምር።

ኢኔድ የተመሠረተው በ1945 ነው። ሲመሠረት ግን ከባዶ አልተነሳም፤ በናዚ ወረራ ዘመን የቪሺ መንግሥት ካቋቋመው አንድ የጥናት ድርጅት ሠራተኞችን ወርሷል። ያንን ድርጅት የመራው አሌክሲስ ካሬል ነው፤ የ1912 የኖቤል ተሸላሚ ሐኪም፣ እሱም የሊዮን አካባቢ ሰው። ካሬል በ1935 ባሳተመውና በመላው ዓለም በተሸጠው መጽሐፉ ውስጥ አደገኛ ወንጀለኞችና አንዳንድ የአእምሮ ሕሙማን በተገቢ ጋዝ በሚሠሩ ተቋማት ቢወገዱ መልካም ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ጻፊው ለፍላፊ አልነበረም፤ የተከበረ ሳይንቲስት ነበር።

ነገሩ ከጦርነቱ ጋርም አልተቀበረም። በ1969 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አርተር ጄንሰን በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል ያለው የአይ ኪው ልዩነት በከፊል ከጂን ሊመጣ ይችላል ብሎ ጻፈ፤ ዓለም ታመሰ። ዊልያም ሾክሊ፣ ትራንዚስተርን ከፈለሰፉት አንዱ በመሆኑ ኖቤል የተሸለመው፣ ዣካር በተማረበት በዚያው በስታንፎርድ መምህር ነበር፤ ስለ ጂንና ስለ «ጥራት» እየተነሳ ይሰብክ ነበር። በጄኔቲክስ ላይ አንድም ሥልጠና አልነበረውም። ኖቤሉ ግን አፍ ሆነለት።

ዣካር በ1978 «የልዩነት ውዳሴ» የሚለውን መጽሐፉን ሲያወጣ የሚመልሰው ለእነዚህ ነው። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ጄኔቲክስ ያልተማረ ሰው ሊያነበው ይችላል። ከውስጡ ሁለት ነገር ላንሳ።

አንደኛው ስለ «እኩል» ነው። ሁለት ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ አንዱ ይበልጣል፤ ሌላ ምርጫ የለም። ብዙ ነገር በአንድ ላይ የያዙ ሁለት ስብስቦች ግን እኩል ካልሆኑ የተለያዩ ናቸው፤ በቃ። «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ስናጠብበው ብቻ ነው። አይ ኪው አደገኛ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፤ ስብስብን ወደ ቁጥር ይቀይርና «አሁን አወዳድር» ይላል። ይህ ክርክር በአንድ አንቀጽ ይነገራል፣ የትም ይዘውት ይሄዳሉ፣ ለማፍረስም ከባድ ነው። የመጽሐፉ ምርጥ ቦታ ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የተወራሽነት ጉዳይ ነው፤ በ1983 በባለሙያ ቋንቋ የተመለሰበት። የሦስቱን ጽንሰ ሐሳቦች ዝርዝር ለባለሙያ ልተወውና ለእኛ የሚጠቅመውን ልውሰድ። «የቁመት ተወራሽነት 80 በመቶ ነው» ሲባል ሰው የሚሰማው «ከቁመቴ 80 በመቶው ከጂን የመጣ ነው» የሚል ነው። ቁጥሩ ግን ይህን አይልም። የሚናገረው በአንድ በተወሰነ ሕዝብ፣ በአንድ በተወሰነ አኗኗር ውስጥ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህሉ ከጂን ልዩነት ጋር እንደሚሄድ ነው። አኗኗሩ ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል። እንጀራን አስቡ። ይህ እንጀራ ስንት በመቶው ከዱቄቱ፣ ስንት በመቶው ከእሳቱ ነው? ጥያቄው አይረባም፤ አንዱ ከሌለ እንጀራ የለም። አሥር ሴቶች አንድ ዓይነት ዱቄት ይዘው በተለያየ እሳት ከጋገሩ ግን፣ በእንጀራዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ከእሳቱና ከእጃቸው ነው። ዱቄቱን ለያይታችሁ እሳቱን አንድ አድርጉ፤ አሁን ልዩነቱ ሁሉ ከዱቄቱ ሆነ። ዱቄቱ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ዱቄት ነው፤ የሚሠራው ሥራም አልተቀየረም።

አሜሪካዊው ሪቻርድ ሌዎንቲን ይህንኑ በገበሬው ዘር አስረድቶታል። ከአንድ ከረጢት ሁለት እፍኝ ዘር ውሰድ፤ አንዱን ለም አፈር፣ ሌላውን ድሃ አፈር ላይ ዝራ። በእያንዳንዱ ማሳ ውስጥ ያለው የቁመት ልዩነት ከዘሩ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከአፈሩ ነው። ጄንሰን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ተሻገረ። ያሻገረው ድልድይ አንድ ቃል ነበር።

ቃሉ ሲሰረቅ

አሁን ወደሚያመው ቦታ እንምጣ።

የመጽሐፉን ርዕስ በአማርኛ «የልዩነት ውዳሴ» ብያለሁ። «ልዩ» ግን በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ የማይመሳሰልም ነው፣ የሚበልጥም ነው። «ልዩ ሰው ነች» ሲባል ማንም «ታዲያ ከማን ተለየች?» ብሎ አይጠይቅም፤ ሙገሳ ነው። «ልዩነት» ደግሞ ጠብንም ይጨምራል፤ «ልዩነታቸውን በሽማግሌ ፈቱ» እንላለን። ዣካር መለየትን ከመብለጥ ለማላቀቅ አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ የእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል መልሶ አጣብቆታል።

ፈረንሳይኛውም አልዳነም። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ «አዲሱ ቀኝ» የተባለው የፈረንሳይ የምሁራን ቡድን፣ በአላን ደ ቤኑዋ ዙሪያ የተሰባሰበው፣ አሮጌውን የበላይና የበታች ቋንቋ ጥሎ አዲስ ቋንቋ አነሳ፤ «የመለየት መብት»። እኛ ማንንም አንንቅም፣ ሁሉም ሕዝብ የተለየ ነው፣ ልዩነቱም ውድ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሳይቀላቀል በየቤቱ ይቀመጥ። ፈላስፋውና የፖለቲካ ሳይንቲስቱ ፒየር አንድሬ ታጊዬፍ በ1980ዎቹ መጨረሻ ይህን በዝርዝር ተንትኖ በልዩነት ላይ የቆመ ዘረኝነት ብሎታል። መብለጥ የሚለው ቃል የለበትም። ውዳሴ ሞልቶታል። ውጤቱ ግን ያው በር መዝጋት ነው።

ይህ የዣካር ጥፋት ነው? በቀጥታ አይደለም። እሱ ያወደሰው በሰዎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ እነሱ ያወደሱት በሕዝቦች መካከል ያለውን። ከጄኔቲክስ አንጻር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሌዎንቲን በ1972 ባሰላው መሠረት የሰው ልጅ የጂን ብዝኃነት 85 በመቶ ገደማ የሚገኘው በየሕዝቡ ውስጥ ነው፤ በሕዝቦችና በ«ሬሶች» መካከል ያለው ቀሪው ትንሽ ነው። ጎረቤታችሁ ከእናንተ የሚለየው፣ ከሩቅ አገር ያለ ሰው ከሚለየው ብዙም ያላነሰ ነው። ዣካር ይህን ዓይነት ስሌት እየደገመ «ሬስ» ለሰው ልጅ የማይሠራ መደብ ነው ብሏል።

ግን ርዕሱ ላይ «የማን ልዩነት?» አላለም። ቃል ፈቺው ሰውዬ፣ ስለ ዘመዳሞች መዋለድ ሦስት ትርጉም የለየው፣ ትልቁን ቃሉን ሳይፈታ ወደ አደባባይ ላከው። ሌሎች አነሱት።

ከቁጥር ላይ የተሰቀለ እኩልነት

ሌላ ትችት አለኝ፤ ለዛሬ አንባቢ ይበልጥ አንገብጋቢ የሚመስለኝ።

በ2002 ኖዋ ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ ከ52 ሕዝቦች የተውጣጡ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን በ377 የጂኖም ምልክቶች አጠኑ። ከብዝኃነቱ ከ93 እስከ 95 በመቶው በየሕዝቡ ውስጥ ሆኖ ተገኘ፤ ሌዎንቲን ከሌሎች ምልክቶች ካሰላው እንኳ የሚበልጥ። ግን ኮምፒውተሩ ብዙ ምልክቶችን አንድ ላይ ሲያይ ሰዎችን በአህጉር ደረጃ በደንብ መመደብ ቻለ። በ2003 እንግሊዛዊው ስታቲስቲሺያን ኤድዋርድስ ሌዎንቲንን የተቸው በዚሁ ነጥብ ነው፦ እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ጥቂት ቢናገርም፣ ሺህ ምልክት አንድ ላይ ብዙ ይናገራል። ዛሬ ምራቁን በትንሽ ቱቦ አድርጎ በፖስታ የሚልክ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ውጤት ከዚህ የመጣ ነው። «ይህን ያህል በመቶ ከምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ባለቀለም ካርታ ይመጣለታል።

ዣካርን «ሳይንስ ልዩነት የለም ብሏል» ብሎ ያነበበ ወጣት ያንን ካርታ ሲያይ ምን ያስባል? ተዋሽቻለሁ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ «እውነቱን ሲደብቁህ ነበር» የሚል ከሆነ፣ አለቀ፤ ሄደ። መልካም ዓላማ ያለው ማቃለል እንዲህ ነው የሚያስከፍለው፤ ሒሳቡንም የሚከፍለው ጸሐፊው አይደለም፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ አንባቢ ነው።

መልሱ ደግሞ በራሱ በዣካር እጅ ነበር። የጥንት አባቶችህ የት አካባቢ እንደኖሩ መገመት መቻል አንድ ጥያቄ ነው። የሰው ልጅ ግልጽ ድንበር ባላቸው ጥቂት ሳጥኖች ይከፈላል ወይ የሚለው ሌላ ነው። አንዱ ሳጥን ከሌላው ይበልጣል ወይ የሚለው ሦስተኛ ነው። ለመጀመሪያው መልሱ አዎ ቢሆን ለሁለቱ ምንም አይጨምርም። «ሬስ፦ አንድ ቃል፣ ሦስት ጥያቄዎች»፤ መጻፍ የነበረበት ሦስተኛው ጽሑፍ ይህ ነበር እላለሁ።

እኩልነትስ? ዣካር ደጋግሞ ጄኔቲክስን ለእኩልነት ምስክር አድርጎ ያቆማል። በ1987 በሊዮን የናዚው ክላውስ ባርቢ ችሎት ላይ ምስክር ሆኖ ተጠርቷል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ሳይንቲስት ለምን እንደሚቆም ይገባኛል፤ ግድያው በሳይንስ ስም ጭምር ነበርና። ግን አስቡት። ነገ አንድ ጥናት ወጥቶ በሁለት ሕዝቦች መካከል በአንድ ነገር ላይ እውነተኛ የጂን ልዩነት አለ ቢል፣ እኩልነታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቀንሳል? አይቀንስም። ምክንያቱም እኩልነት ተለክቶ የተገኘ ነገር አይደለም። የተወሰነ ነገር ነው፤ ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ የማይጫንበት አኗኗር ይሻላል ብለው የወሰኑት። ዣካር ይህን አልሳተውም፤ ሰውን ሰው የሚያደርገው ከሌሎች ጋር የሚሸምነው ግንኙነት ነው እያለ ሲጽፍ እዚያው ነው ያለው። ችግሩ ሁለቱን ክርክሮች በአንድ ትንፋሽ መናገሩ ነው። አንባቢው የትኛው ምሰሶ ቤቱን እንደተሸከመ አያውቅም። ደካማው ሲነቀነቅ ቤቱ የሚወድቅ ይመስለዋል።

በር ላይ የቆመው ሽማግሌ

ከ1980ዎቹ በኋላ ያለው ዣካር በፈረንሳይ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው የሥነ ምግባር አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ ነበር። በ1994 መጨረሻ ቤት አልባ ቤተሰቦች በፓሪስ ድራጎን መንገድ አንድ ባዶ ሕንፃ ሲይዙ አብሯቸው ቆመ። በ1996 የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው አፍሪካውያን ቅዱስ በርናር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲጠለሉ ደግፏቸዋል፤ ነሐሴ ላይ ፖሊስ በሩን በመጥረቢያ ሰብሮ አስወጣቸው። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ የመጡት ከማሊ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ዣካር የዘር ሐረግ ከቆጠረባት አገር።

መጻሕፍቱ በተከታታይ ወጡ። በ1995 ኢኮኖሚውን ከሰሰ። በ1998 ኩሬ ላይ በየቀኑ እጥፍ በሚሆነው የውሃ አበባ ምሳሌ የምድርን ውስንነት አስረዳ፦ ኩሬውን በ30ኛው ቀን የሚሞላ አበባ በ29ኛው ቀን ገና ግማሹን ነው የሸፈነው፤ ሰው የሚደነግጠው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በ2006 ደግሞ ውድድር የሌለበትን ትምህርት ቤት አለመ። በ2000ዎቹ በፍራንስ ኩልቱር ሬዲዮ አጭር ዝግጅት ነበረው።

እነዚህን መጻሕፍት ተራ በተራ ያነበበ ሰው ይደክመዋል፤ ራሱን ይደግማል። ከዚያም በላይ «ውድድር»ና «ኢኮኖሚ» በእሱ እጅ ያልተፈቱ ቃላት ሆነው ቀርተዋል። በገበያ መፎካከር፣ በፈተና መፎካከር፣ በሜዳ ላይ መፎካከር አንድ ናቸው? ስለ ዘመዳሞች መዋለድ ሲጽፍ እንዲህ ያለ ቸልተኝነት ከሌላ ሰው ቢያይ አያልፈውም ነበር። የኤኮል ፖሊቴክኒክ ምሩቅ ፈተናን ማውገዙ ግብዝነት ነው የሚሉም አሉ። በዚህ አልስማማም፤ ውድድር ምን እንደሚያደርግ ከአሸናፊ በላይ በነጻነት ሊናገር የሚችል የለም። ተሸናፊ ሲናገር ቅናት ነው ይባላል።

ግን እዚህ ላይ ራሴን መጠየቅ አለብኝ። ቃላትን በጥንቃቄ የሚፈታው ዣካር በቢሮው ነበር። ቃላትን የሚያጣብቀው ዣካር በተሰበረው በር በኩል ከነበሩት ጋር ነበር። ሁለቱን አብሮ መሆን ይቻላል? ፖሊስ መጥረቢያ ይዞ ሲመጣ «ልዩነት ስንት ትርጉም አለው?» ብሎ መጀመር አይቻልም። አጭር ቃል ያስፈልጋል። አጭር ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ብዙ ነገር ይሸከማል። ስለዚህ የምተቸው አጭር ቃል መናገሩን አይደለም። በሩ ላይ የተናገረውን በቢሮው ተመልሶ አለመፍታቱን ነው፤ ጊዜውም ችሎታውም ነበረው።

በ2013 መስከረም ፓሪስ ውስጥ በ87 ዓመቱ አረፈ። የተሰናበቱት አብዛኞቹ የድሆች ጠበቃ፣ የሰብአዊነት ሰባኪ ብለው ነው። ስለ ዘጠኙ ቁጥሮች ያነሳ ብዙ አልነበረም።

አንዱን ብቻ አንብብ ብባል «የልዩነት ውዳሴ»ን አነባለሁ፤ ለሰበካው ሳይሆን ስለ ቁጥርና ስለ ስብስብ ለሚናገርበት ቦታ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቼ የእሱን ጥያቄ በራሳችን ቃላት ላይ አነሳለሁ። «ዘርህ ምንድን ነው?» ለሚል ሰው፣ መልስ ከመስጠት በፊት፣ ያለ ንዴት፣ «የትኛውን ነው የጠየቅከኝ?» ማለት ይቻላል። ስለ አያቶቼ ከሆነ ሰባት ቤት ድረስ እቆጥርልሃለሁ። ስለ ጂን ከሆነ ወደ ኋላ በበቂ ርቀት ከሄድን ሁላችንም እንገናኛለን። ከማን እንደምበልጥ ወይም እንደማንስ ከሆነ ግን፣ እሱን የሚመልስ ሐረግም ምርመራም የለም።